በሌላ ሃይማኖት ጸሎት ቤት በደመወዝ መዘመር፦ የዊልያም በርድ ጉዳይ

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1572 ዊልያም በርድ የተባለ፣ ዕድሜው 32 ዓመት ገደማ የሆነ ሙዚቀኛ በእንግሊዝ ንግሥት በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ጸሎት ቤት ቃለ መሐላ ፈጽሞ የመዘምርነት ሥራ ያዘ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ጁላይ 1623 ድረስ በስሙ ቆየ። ጸሎት ቤቱ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚፈጸምበት፣ የዚያች ቤተ ክርስቲያን የበላይ ገዥ የሆነችው ንግሥት ራሷ ተገኝታ የምትጸልይበት ስፍራ ነበር። በርድ ግን ካቶሊክ ነበር። እምነቱንም በልቡ ብቻ ይዞ የኖረ ሰው አልነበረም፤ ሚስቱ ስለዚሁ እምነት ተከሳለች፣ ቤቱ ሊፈተሹ ከሚገባቸው ቤቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ እርሱም በስተኋላ በሚኖርበት ሀገረ ስብከት ተወግዟል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ዛሬም በዝማሬ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ከእምነታቸው ውጭ በሆነ ጸሎት ቤት ይቀጠራሉ፤ ጥያቄውም ሁልጊዜ የሚነሣው በአንድ መልክ ነው፦ ደመወዙ የሚገዛው ድምፁን ብቻ ነው ወይስ «አሜን» ማለቱንም ጭምር? የበርድ ጉዳይ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መመርመሪያ የሚሆነው ብዙ ሰነድ ስለ ተረፈለትና ቀጣሪዋም ተቀጣሪውም የሚያደርጉትን ነገር በሚገባ እያወቁ ያደርጉት ስለ ነበር ነው። ከሰነዶቹ የምረዳው ይህን ነው፦ ስምምነቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት የጸናው ሕጉ ወይም ሃይማኖቱ ስለ ፈቀደለት ሳይሆን አንዲት ኃያል አድማጭ ስለ ፈለገችው ነበር፤ ጥበቃዋም በዋነኛነት የሸፈነው ዘማሪውን እንጂ ቤተሰቡን አልነበረም።

ሥራው

የንግሥቲቱ ጸሎት ቤት የሚጠራበት ቻፕል ሮያል የሚለው ስም የሕንፃ ይምሰል እንጂ በዋነኛነት የሰዎች ጉባኤ መጠሪያ ነበር። ካህናት፣ ጎልማሳ መዘምራንና ሕፃናት መዘምራን ያሉበት ይህ ጉባኤ ንግሥቲቱ ከኋይትሆል ወደ ግሪኒች፣ ከሪችመንድ ወደ ዊንዘር ስትሄድ አብሯት ይሄዳል። ጎልማሶቹ «ጀንትልማን» የሚል ማዕረግ የነበራቸው 32 ያህል ሰዎች ሲሆኑ ሕፃናቱ 12 ነበሩ። ደመወዙ በዓመት 30 ፓውንድ ነበር፤ ይህም በርድ ቀደም ሲል በሊንከን ካቴድራል ያገኝ ከነበረው 13 ፓውንድ ከ6 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ከእጥፍ በላይ ነው። ቦታው የተከፈተው በድንገተኛ አደጋ ነበር፤ ሮበርት ፓርሰንስ የተባለ የጸሎት ቤቱ ሙዚቀኛ በጃንዋሪ 1572 ኒውዋርክ አጠገብ በትሬንት ወንዝ ሰጥሞ ሞተና በርድ በእግሩ ተተካ።

የዘወትሩ ሥራ የጠዋትና የማታ ጸሎት ነው። መዘምራኑ መዝሙረ ዳዊትን ይዘምራሉ፤ የእኛ አንባቢ በዳዊቱ መጨረሻ ከጸሎተ ነቢያት ጋር የሚያውቃቸውን ጸሎተ ማርያምንና ጸሎተ ስምዖንን በእንግሊዝኛ ያዜማሉ፤ ከዚያም ለዕለቱ የተመረጠ አንድ መዝሙር ይጨምራሉ። ይህን ዝርዝር ማወቅ ለጉዳዩ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም ከበርድ አፍ የወጡት ቃላት አብዛኞቹ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም የሚቀበሏቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ነበሩ። ክርክሩ የተነሣው በቃላቱ ሳይሆን አብሮ በመጸለዩ ነው፤ ከማን ጋር፣ በማን ሥልጣን ሥር፣ በየትኛው ማኅበር መካከል ቆሞ ነው የሚዘመረው የሚለው ነበር ነጥቡ።

ሥራው ጊዜን የሚበላ ነበር። በ1577 በርድና ታላቁ ባልደረባው ቶማስ ታሊስ ለንግሥቲቱ ባቀረቡት አቤቱታ ላይ፣ በርድ በየዕለቱ በአገልግሎቷ መገኘት ስላለበት ቀድሞ በማስተማር ያገኝ የነበረው ገቢ እንደ ቀረበት ያመለክታል። ስለዚህ ነገሩ አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ ጥቂት ሳንቲም የማግኘት ጉዳይ አልነበረም። የአንድ ሰው የሥራ ዘመን በሙሉ የተሰጠበት የማያምንበት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነበር።

ከዚያ በፊት፦ ሊንከን

በርድ ከፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ደመወዝ መቀበል የጀመረው በቤተ መንግሥት አይደለም። በ1563፣ ገና 23 ዓመት ገደማ ሳለ፣ በሊንከን ካቴድራል ኦርጋን ተጫዋችና የሕፃናት መዘምራን መምህር ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ካህናት ጉባኤ ኦርጋን ከቤተ ክርስቲያን እንዲወገድ የሚጠይቅ ነጥብ ያለበትን የማሻሻያ ሐሳብ ለድምፅ አቅርቦ ሐሳቡ የወደቀው 59 ለ58 በሆነ ውጤት፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ ነበር። ወጣቱ ሙዚቀኛ ኑሮውን የመሠረተው አንድ ድምፅ ባተረፈው መሣሪያ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በሊንከን ችግር ገጠመው። በኖቬምበር 1569 የካቴድራሉ አስተዳደር ደመወዙን አገደበት፤ እገዳው እስከ ጁላይ 1570 ቆየ። በሴፕቴምበር 1570 ደግሞ ኦርጋኑን በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ለመዘምራኑ መነሻ ድምፅ ለመስጠት ያህል ብቻ እንዲጫወትና ከዚያ በኋላ አብሯቸው ቆሞ እንዲዘምር ታዘዘ። ረዥምና የተራቀቀ ሙዚቃ የጸሎቱን ቃል ይሸፍናል የሚለው የጠንካራ ፕሮቴስታንቶች አመለካከት ነበር፤ ትእዛዙም የዚያን አመለካከት መንፈስ ይዟል። ይሁን እንጂ በርድ ወደ ለንደን ከሄደ በኋላ ያው አስተዳደር መዝሙሮችን እየጻፈ እንዲልክላቸው በመስማማት የቀድሞ ደመወዙን አንድ አራተኛ ለዓመታት ከፍሎታል። እጁን ሊያሳጥሩት የሞከሩ ሰዎች እንኳ ያለ ሥራው መቅረት አልፈለጉም።

የንግሥቲቱ ጸሎት ቤት ከሊንከን ይልቅ ለበርድ የቀለለ መሆኑ ለጉዳዩ ትልቅ ትርጉም አለው። ኤልሳቤጥ በገዛ ጸሎት ቤቷ መስቀልና ሻማ በቁርባኑ ጠረጴዛ ላይ እንዲቆም ታደርግ ነበር፤ የራሷ ጳጳሳት በዚህ ይማረሩባት ነበር። የላቲን ዝማሬ ትወድ ነበር። ካቶሊኩ ዘማሪ በአገሪቱ ፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች ሁሉ ውስጥ ከለመደው ሥርዓት እምብዛም ያልራቀ ቦታ ቢፈልግ ኖሮ የሚያገኘው እዚሁ፣ በሥልጣኑ አናት ላይ ነበር።

ሕጉና ውግዘቱ

በ1559 የወጣው ሕግ ማንኛውም ሰው በእሑድና በበዓል ቀን ወደ ደብሩ እንዲሄድ ያስገድድ ነበር፤ የቀረ ሰው 12 ፔንስ ይቀጣል። በ1570 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ አምስተኛ ኤልሳቤጥን አውግዘው ተገዥዎቿን ከመታዘዝ ግዴታ ነጻ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ መንግሥት ዓይን ካቶሊክነት ከአገር ክሕደት ጋር ተዳበለ። በ1581 ከጸሎት የመቅረት ቅጣት በወር 20 ፓውንድ ሆነ። የበርድ የዓመት ደመወዝ ለአንድ ወር ተኩል ቅጣት ብቻ ይበቃል ማለት ነው።

በሌላ በኩል የራሱ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ትከለክላለች። በ1580 ኢየሱሳውያን ካህናት በስውር ወደ እንግሊዝ ገቡ፤ የእኛ አንባቢ የዚህን ማኅበር ሰዎች ከዓፄ ሱስንዮስ ዘመን ያውቃቸዋል። ከገቡት አንዱ ሮበርት ፐርሰንስ በዚያው ዓመት ካቶሊኮች ወደ ፕሮቴስታንት ጸሎት የማይሄዱበትን ምክንያት የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። ሌላው፣ ኤድመንድ ካምፒየን፣ ተይዞ በዲሴምበር 1581 ተገደለ።

በዘመኑ የነበረው ክርክር ብዙ ጊዜ ወደ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይመለስ ነበር። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 5 የሶርያው ሠራዊት አለቃ ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ ነቢዩ ኤልሳዕን አንድ ነገር ይለምናል፤ ጌታው ንጉሥ ክንዱን ተደግፎ ለጣዖቱ ለሬሞን ሊሰግድ ሲገባ እርሱም አብሮ ማጎንበሱ ስለማይቀር እግዚአብሔር ይህን ይቅር እንዲለው ይጠይቃል። ኤልሳዕም በሰላም ሂድ አለው። በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉ ካቶሊኮች ለንግሥቲቱ የሚሰጡት ዓለማዊ አገልግሎት ወደ ጸሎት ቤቱ በር ቢያስገባቸው ኃጢአት አይሆንባቸውም የሚል ሐሳብ ከዚህ ታሪክ ይወጣ ነበር፤ ሰይፍ ተሸካሚው፣ የንግሥቲቱ ደንገጡር፣ ዘበኛው በዚህ ይጠለሉ ነበር።

ለበርድ ግን ይህ መጠለያ ጠባብ ነው። ንዕማን ያዋሰው ክንዱን ብቻ ነው፤ ለሬሞን ዜማ አልደረሰም፣ በስሙም አልዘመረም። በርድ በጸሎቱ መካከል በዝምታ የሚቆም አገልጋይ ሳይሆን ጸሎቱን የሚያስውበው፣ ሌሎችን ወደዚያ የሚስበው ሰው ነበር። ጥብቅ የሆነ የነፍስ አባት ለሰይፍ ተሸካሚው የፈቀደውን ለዘማሪው አልፈቅድም ቢል የሚያሳፍር ክርክር አይሆንም። በርድ ራሱ ስለዚህ ምን ብሎ እንደ ተናዘዘ የተረፈ ጽሑፍ የለም፤ የተረፈው ያደረገው ነው።

የዘመረው የጻፈውም

በጃንዋሪ 1575 ኤልሳቤጥ ለታሊስና ለበርድ ሙዚቃና የኖታ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ለ21 ዓመት በብቸኝነት የማሳተም ፈቃድ ሰጠቻቸው። በዚያው ዓመት 34 የላቲን መዝሙሮችን፣ እያንዳንዳቸው 17፣ አሳትመው ለእርሷ ሰጡ፤ ቁጥሩም የነገሠችበትን 17ኛ ዓመት የሚያመለክት ነው። ገበያው ግን አላወጣቸውም፤ ከላይ የጠቀስሁት አቤቱታ የቀረበውም በዚህ ኪሣራ ምክንያት ነበር። የሆነው ሆኖ አንዲት ፕሮቴስታንት ንግሥት የላቲን ዝማሬ መጽሐፍ በስሟ ሲታተም መቀበሏ ቀጣሪዋ በፈቃዷ ምን ያህል ርቀት እንደ ሄደች ያሳያል።

በእንግሊዝኛ የጻፈውን ስንመለከት ደግሞ ሥራውን በግማሽ ልብ ይሠራ ነበር ለማለት የሚያስችል ነገር አናገኝም። «ታላቁ አገልግሎት» ተብሎ የሚታወቀው ሥራው ለጠዋትና ለማታ ጸሎት የሚሆኑትን ዝማሬዎች እስከ 10 በሚደርሱ ድምፆች ያቀናበረበት ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ ከአንግሊካን (ከእንግሊዝ ፕሮቴስታንት) ቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ሀብቶች ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠዋል። እጁን የሰበሰበ፣ ለደመወዙ ያህል ብቻ የሚያበረክት ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ሥራ አይሠራም። በእኔ አስተያየት ለበርድ ሐቀኛ ሆኖ የመገኘት አንዱ መንገድ ይህ ነበር፤ የተቀጠረበትን ነገር ሳይሰርቅ መስጠት።

በ1588 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ሰው ሁሉ ዝማሬ እንዲማር የሚገፋፉ ስምንት ምክንያቶችን ዘርዝሯል። የመጨረሻው የሰው ድምፅ በዋነኛነት ሊውል የሚገባው እግዚአብሔርን ለማክበርና ለማገልገል ነው የሚል ነው። በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አላለም፤ ያንን መጽሐፍ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ያለ ቅሬታ ሊገዛው ይችል ነበር። በዚያው ዓመት የካቶሊኩ የስፔን ንጉሥ መርከቦች ድል ሲሆኑ፣ ንግሥቲቱ እንደ ጻፈችው የሚነገር የምስጋና ግጥም በበርድ ዜማ ተዘምሯል።

ሐዘኑንና ቁጣውን የሚያፈስሰው በላቲን ነበር። በ1580ዎቹ የጻፋቸው የላቲን መዝሙሮች በተደጋጋሚ ስለ ኢየሩሳሌም መፍረስ፣ ስለ ምርኮና ስለ መዳን ተስፋ ይናገራሉ፤ የዘመኑ ካቶሊኮች በእነዚህ ቃላት የራሳቸውን ሁኔታ ይሰሙ ነበር። በውጭ አገር ይኖር የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ሙዚቀኛ ፊሊፕ ደ ሞንቴ በ1583 በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የሚለውን መዝሙር በዜማ አዘጋጅቶ ላከለት፤ በርድም በማግሥቱ ዓመት የዚያኑ መዝሙር ቀጣይ ክፍል፣ በባዕድ ምድር የእግዚአብሔርን ዝማሬ እንዴት እንዘምራለን የሚለውን፣ በስምንት ድምፅ አቀናብሮ መለሰለት። ንግሥቲቱ የምትከፍለው ዘማሪ ይህን ጥያቄ ለራሱ ሲያዜም ምን ይሰማው እንደ ነበር መገመት ከባድ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን እጅግ የሚገርመኝ በ1589 የታተመው፣ ቅድስቲቱ ከተማ ምድረ በዳ ሆነች፣ ኢየሩሳሌም ባድማ ሆነች የሚለው የላቲን ልቅሶ ነው። በዝቅተኛ ድምፅ ተጀምሮ «ኢየሩሳሌም» የሚለውን ስም እየደጋገመ፣ ልቅሶ ቤት እንደ ተቀመጠ ሰው ሳይቸኩል የሚሄድ ዜማ ነው። የፕሮቴስታንት ካቴድራሎች ይህንኑ ዜማ ወስደው በእንግሊዝኛ ቃል ለራሳቸው ጸሎት ዘመሩት። አንድ ካቶሊክ ስለ ፈረሰችበት ቤተ ክርስቲያኑ ያለቀሰበት ዜማ በአፍራሾቹ ጸሎት ቤት ተወዳጅ መዝሙር ሆነ።

ዋጋውን የከፈለው ቤት

በርድ ሚስቱን ጁልያናን በ1568 በሊንከን ነበር ያገባት። በ1577፣ ቤተሰቡ ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኘው በሀርሊንግተን ሲኖር፣ ጁልያና ከደብር በመቅረት ተመዘገበች። ልብ ማለት የሚገባው ዓመቱን ነው፤ በርድ በየዕለቱ ንግሥቲቱን ማገልገሉን ጠቅሶ አቤቱታ ባቀረበበት በዚያው ዓመት ነው። ባል ለጸሎት በመገኘት ደመወዝ ይቀበላል፤ ሚስት ከጸሎት በመቅረት ትከሰሳለች። በኋላ አገልጋያቸው ጆን ሪዝንም፣ በርድ ራሱም በተመሳሳይ ክስ በመዝገብ ሰፍረዋል።

አንድ የቻፕል ሮያል ዘማሪ ከጸሎት ቀረ ተብሎ መከሰሱ በመጀመሪያ ሲታይ ግራ ያጋባል። ሕጉ ግን ሰውን የሚፈልገው በሚኖርበት ደብር ነበር፤ በቤተ መንግሥት ያለ አገልግሎት በመንደር የሚታየውን ባዶ ወንበር አይሞላም። እኔ የምረዳው በርድ ሁለቱን ለይቶ ይመለከት እንደ ነበር ነው፤ በንግሥቲቱ ጸሎት ቤት መቆም ሥራው ነው፤ በደብሩ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን የእምነት ምስክርነት ስለሚሆንበት አላደረገውም።

ካቶሊኮች ንግሥቲቱን ከዙፋን ለማውረድ ከሸረቡት የ1583 ሤራ በኋላ ካቶሊክ ወዳጆቹ ሲታደኑ ነገሩ ከበደ። ቤቱ ለፍተሻ ተመዘገበ፣ እንቅስቃሴውም ተገደበ። በጁላይ 1586 በቴምዝ ወንዝ አጠገብ በሚገኝ በአንድ ካቶሊክ መኰንን ቤት ኢየሱሳውያኑ ሄንሪ ጋርኔትና ሮበርት ሳውዝዌል ወደ አገሪቱ እንደ ገቡ በተደረገላቸው አቀባበል ላይ ተገኝቷል። ከዚያ የነበረው ዊልያም ዌስተን የተባለ ካህን ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለዚያ ሳምንት ሲጽፍ፣ በርድ ስለ እምነቱ ሲል ሹመቱንና ቤተ መንግሥቱን ሁሉ እንደ ተወ አድርጎ ይናገራል። የቻፕል ሮያል መዝገብ ግን ይህን አይደግፍም፤ ስሙ እስከ ሞቱ ከዚያ አልወጣም። ዌስተን ዋሸ ለማለት አልደፍርም፤ ይልቁንም በካቶሊኮቹ መካከል የነበረው በርድ የተወ ሰው መስሎ እስኪታይ ድረስ ልቡ ከእነርሱ ጋር እንደ ነበር ምስክርነቱ ያሳየናል። ነገር ግን ደመወዙን አልተወም፤ ጉዳዩን በሐቀኝነት የሚያጠና ሰው ይህን ማለዘብ አይገባውም።

በ1592 በበርድ ላይ የነበረው ክስ በንግሥቲቱ ትእዛዝ እንዲቋረጥ ተደረገ። የጥበቃው ምንጭ በግልጽ በጽሑፍ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ መብት አልነበረም፣ ምሕረትም አልነበረም፣ የአንዲት ሴት ፈቃድ ነበር። ከእርሱ ጋር ሊነጻጸሩ የሚገባቸው ሁለት ሰዎች አሉ። የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የሕፃናት መዘምራን አለቃ የነበረው ካቶሊኩ ሴባስቲያን ዌስትኮት በ1563 ተወግዞ፣ ከ1577 መጨረሻ እስከ 1578 መጀመሪያ ታስሮ፣ ያም ሆኖ በ1582 እስኪሞት ድረስ ሥራውን ይዞ ቆይቷል። በዚያው ካቴድራል ያደገው ፒተር ፊሊፕስ ግን በ1582 አገሩን ጥሎ ወጣና ቀሪ ዘመኑን ካቶሊኮች በሚገዟቸው አገሮች አሳለፈ። በርድ እንደ ዌስትኮት አልታሰረም፣ እንደ ፊሊፕስም አልተሰደደም።

ስቶንደን

በ1593 ገደማ ቤተሰቡን ይዞ በኤሴክስ ወደምትገኘው ስቶንደን ማሲ ተዛወረ። ቦታው የካቶሊኩ መኰንን የሰር ጆን ፒተር ርስት አጠገብ ነበር፤ በዚህ መኰንን ቤቶች ውስጥ ቅዳሴ በስውር ይቀደስ ነበር። በርድ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ቅዳሴዎችን ለሦስት፣ ለአራትና ለአምስት ድምፅ አዘጋጀ። የሕትመቶቹን መልክ ማየት ጠቃሚ ነው፤ የርእስ ገጽ የላቸውም፣ የአታሚ ስም የላቸውም፣ ዓመተ ምሕረት የላቸውም፣ በየገጹ አናት ላይ ግን የአቀናባሪው ስም በግልጽ ታትሟል። አታሚው ተደብቋል፤ በርድ አልተደበቀም። የተጻፉትም ለትላልቅ ካቴድራል መዘምራን ሳይሆን በአንድ ክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ዙሪያ ለሚቆሙ ጥቂት ሰዎች የሚሆኑ፣ በጥቂት ድምፅ ሊዘመሩ የሚችሉ ናቸው። ኪርያላይሶኑም ጸሎተ ሃይማኖቱም በዚህ መጠን የተቆረጡ ናቸው።

በ1603 ኤልሳቤጥ ሞተች። በ1604 ቀዳማዊ ጄምስ የጀንትልማኖቹን ደመወዝ ከ30 ወደ 40 ፓውንድ ከፍ አደረገ። በዚሁ ጊዜ የኤሴክስ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት መዝገብ በርድን ለዓመታት እንደ ተወገዘ ሰው ይዞት ነበር። አንዲት ቤተ ክርስቲያን በአንድ መዝገቧ የምታወግዘውን ሰው በሌላው መዝገቧ ደመወዝ ትጨምርለታለች፤ ይህ ተቃርኖ ለሃምሳ ዓመት ያህል አልተፈታም፣ ሊፈታውም የፈለገ ኃላፊ አልታየም።

በ1605 ለካቶሊክ በዓላት ቅዳሴ የሚሆኑ መዝሙሮቹን የመጀመሪያ ክፍል አሳተመ። በመግቢያው ላይ በቅዱሳት ቃላት ውስጥ ስውር ኃይል እንዳለና በመለኮታዊ ነገር ላይ ለሚያሰላስል ሰው ተስማሚው ዜማ በራሱ እንደሚመጣለት ጽፏል። በኖቬምበር ወር የፓርላማውን ሕንፃ በባሩድ ለማጋየት የተሸረበው ሤራ ተጋለጠ፤ ወዲያውም ሻርል ደ ሊኚ የተባለ ፈረንሳዊ የዚህን መጽሐፍ ቅጂዎች ይዞ ስለ ተገኘ ወደ ኒውጌት እስር ቤት ተወሰደ። መጽሐፉን የያዘው ታሰረ፤ የጻፈው ግን አልታሰረም። በ1606 ደግሞ አዲስ ሕግ በጸሎት መገኘት ብቻ በቂ እንዳልሆነና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መቁረብ ግዴታ እንደሆነ ደነገገ፤ ሰው ቆሞ እየዘመረ ከቁርባኑ የሚርቅባትን ጠባብ መሹለኪያ ለመዝጋት ታስቦ ነበር።

በርድ በኖቬምበር 1622 ኑዛዜውን ሲያጽፍ የቅድስት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን እውነተኛና ፍጹም አባል ሆኖ እንዲኖርና እንዲሞት፣ ያለ እርሷም ለእርሱ መዳን እንደሌለ እንደሚያምን በግልጽ አስፍሯል። በማግሥቱ ዓመት ጁላይ 4 ቀን ሲሞት የቻፕል ሮያል መዝገብ «የሙዚቃ አባት» ሲል መዝግቦታል። በዚያ መዝገብ ለዘማሪ እንዲህ ያለ ማዕረግ መጨመር የተለመደ አልነበረም፤ ጸሐፊው ስለ ሃይማኖቱ ግን አንድም ቃል አልጨመረም።